የቆላ ባሩድ

በቅሎዋ አልሞተችም።

አዳም ጎሕ ሲቀድ ወደ ገደሉ ሄዶ ሲመለስ ያመጣው ወሬ ይኸው ነበር። አነጋገሩ ግን የምሥራች ይሁን መርዶ አይለይም። ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ በሩ ላይ ቆመና፣ «ጭንቅላቷን ቀና አድርጋለች» አለ። «ዓለቱን ተደግፋ ወደዚህ፣ ወደ ቤት ነው የምታየው።»

ሙጂብ ከተኛበት መደብ ተነሥቶ ጫማውን ይፈልግ ጀመር። እንግዳ ነኝ ብሎ ዝም ማለት የማይችልበት ምክንያት ነበረው። ያቺን በቅሎ ቆቦ ላይ ከውርንጭላነቷ ጀምሮ ያሳደጋት እሱ ነው። ዳማ ብሎ ስም ያወጣላት፣ ኮርቻ ያለመዳት፣ በመጨረሻም ለወዳጁ ለአዳም የሸጠለት እሱ ነው። ትናንት አዳም ኩልመስክ ድረስ ወርዶ ሲቀበለው ጀርባዋ ላይ የጫኑት ጆንያም የእሱ ነበር፤ ለወዳጁ ቤት ያመጣው የቆላ ማሽላ። ከአዳም ቤት ማዶ፣ መንገዱ ገደሉን ታክኮ ከሚጠብበት ቦታ ሲደርሱ ጆንያው ወጣ ካለ ዓለት ጋር ተላተመ። በቅሎዋ ተንገዳገደች። የኋላ እግሯ መሬት ፈለገ፣ አጣ። ከዚያ ሁለቱ ሰዎች ባዶ መንገድ እያዩ ቀሩ።

ገደል መግባት ብቻ ቢሆን አንድ ነገር ነው። እሷ ግን እስከ ታች አልወረደችም። ከግማሽ ላይ፣ ከዓለቱ የወጣች አልጋ የምታክል እርከን ይዛ አስቀረቻት። የሰፈሩ ሰው እስኪመሽ ድረስ ገመድ ቀጣጥሎ ሞክሯል። ከላይ የተንጠለጠለው ጎረምሳ ዓለቱ ወደ ውስጥ ስለሸሸበት በአየር ላይ ሲሽከረከር ቆይቶ ተጎትቶ ወጣ። የፊት እግሮቿ ሁለቱም መሰበራቸውን ግን አይቷል። «እስኪነጋ አትቆይም» ተባብለው ተለያዩ።

«ጅብ እንኳ አይደርስባትም እኮ» አለች የአዳም ሚስት ውባንቺ፣ አመድ እየጠረገች። «ጅብ ቢደርስባት እስካሁን አርፋ ነበር።»

«ፀሐይ ስትወጣ አሞራ ይደርስባታል» አለ አዳም።

 አዳም ቆጡ ላይ ወጥቶ የአባቱን ምንሽር ጠመንጃ በጨርቅ እንደተጠቀለለ አወረደ። ደግሞም ውጭ ወዳለው ጎተራ ሄደና ከገብሱ ሥር የቀበራትን ትንሽ ቋጠሮ ይዞ መጣ። በውስጧ አራት ጥይቶች ነበሩ።

«አንተ ነህ የምትተኩሰው፣ አያ ሙጂብ» አለ። «እኔ እጄ አይታዘዝልኝም።»

«ተኩስ ሲሰማ ሰው አይደነግጥም? ዘመኑን እያወቅከው።»

«ለቀበሌው ሊቀመንበር ነግሬዋለሁ።»

«ምን አለህ?»

«‹ቶሎ ጨርሱት› አለኝ።»

ሙጂብ ጥይቶቹን በመዳፉ አገላበጠ። ያውቃቸዋል፤ እሱ ራሱ የሞላቸው ናቸው። የሴት ልጁ የሐምዲያ ሰርግ ላይ አዳም ይህን ምንሽር ተሸክሞ ቆቦ ወርዶ ነበር። በእነሙጂብ አገር በሰርግ ቀን ከወንዙ ማዶ፣ ሩቅ ተረተር ላይ ነጭ ድንጋይ ይቀመጥና ከሙሽራውም ከሙሽሪትም ወገን ይተኮስበታል። የሳተ ወገን እስከ ማታ በዘፈን ሲሰደብ ይውላል። ጥይት እንደ ልብ አይገኝምና ሙጂብ የተተኮሰ ቀለሃ ሰብስቦ፣ ባሩድ በመስፈሪያ እየሰፈረ፣ እርሳስ እየገጠመ መልሶ ይሞላል። በዚህ ሥራው የአካባቢው ሰው ያውቀዋል። «ሙጂብ የሞላው ሙሽራ አያሳፍርም» ይባልለት ነበር።

የዚያ ሰርግ ወር ግን ግንቦት ነበር። ዝናር ውስጥ ውሎ ፀሐይ የበላው ጥይት በእጅ አይያዝም። ሙጂብ ለሙከራ የተኮሳት የመጀመሪያዋ ጥይት ትከሻውን እንደ በቅሎ ረገጠችው፤ ቀለሃዋም ምንሽሩ ውስጥ ተጣብቃ አልወጣ አለች። በእንጨት እየደበደቡ አወጧት። በሙቀት ባሩድ ችኩል እንደሚሆን ያውቅ ነበርና ወዲያው ገባው። መስፈሪያውን በሞረድ ከአፉ ቀነሰ። ባሩዱን አሳነሰና ሌሎቹን ሞላ። ያኔ ምንሽሩ ተስማማ። ነጩን ድንጋይ በሁለተኛው ተኩስ ብትንትኑን አወጣው። የሙሽራው ወገን እስከ ማታ ተሰደበ። የተረፉትን አራቱን ለአዳም ሰጠውና አዳም ወደ ደጋ ይዟቸው ወጣ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ሲዘጋ፣ ሲከፈት፣ እንደገና ሲዘጋ፣ ማንም ሳይነካቸው እገብስ ውስጥ ከረሙ።

ከቤቱ ወደ ገደሉ አፍ ሲሄዱ ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ከእግራቸው ሥር ይንኮሻኮሽ ነበር። የከብቶቹ መጠጫ ገንዳ አናቱ ላይ በረዶ ሠርቷል። ሙጂብ ቆላ ተወልዶ ቆላ ያደገ ሰው ነውና ጣቶቹን እያሻሸ፣ «እናንተ ሰዎች፣ እዚህ የምትኖሩት ምን በድላችሁ ነው?» አለ።

«ከወባችሁ ይሻላል» አለ አዳም። ልማድ ሆኖበት እንጂ ለመቀለድ አልነበረም።

ከገደሉ አፍ ላይ ሆኖ በቅሎዋ በዓይን ትታያለች። ግራጫ ዓለት ላይ የተጣለች ቡናማ ጨርቅ ትመስላለች። አዳም ከዓመታት በፊት ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ በዚችው በቅሎ ያደረሰው አንድ ፈረንጅ የሸለመውን አቅራቢ መነጽር ከአንገቱ አወጣና አየ። ጆሮዎቿ ይንቀሳቀሳሉ።

ሙጂብ ርቀቱን በዓይኑ መዘነ። ከወንዙ ማዶ እንደነበረው ነጭ ድንጋይ ያህል ነው፤ ቢበዛ ትንሽ ይርቃል። ይህም ልቡን ጥቂት አጸናለት። በደረቱ ተኛ፣ አፈሙዙን ድንጋይ ላይ አስደገፈ።

«አባቴ እዚህ ከፍታ ላይ ጥይት ክንፍ ያወጣል ይል ነበር» አለ አዳም ከጎኑ ተንበርክኮ። «አየሩ ስስ ነው። ዝቅ አድርገህ አልም።»

ሙጂብም ይህን ሰምቶ ያውቃል፤ እውነትም ነው። ቆቦ ላይ ከሚያልመው በጥቂት ዝቅ አድርጎ ከጆሮዋ ሥር አነጣጠረ። ትንፋሹን ያዘ። «ቢስሚላህ» አለና ቃታውን ሳበ።

ተኩሱ ገደሉ ውስጥ እየተንከባለለ ሄደ። ጥይቷ ከእርከኑ በታች፣ ሰው በሰው ላይ ቢቆም በሚያህል ልዩነት ዓለቱን ነክሳ አቧራ አስነሣች። በቅሎዋ ደንብራ በኋላ እግሮቿ ለመነሣት ታገለች፤ የፊቶቹ ታጠፉባት፤ ተመልሳ ወደቀች።

«ዝቅ አለ» አለ አዳም። «በጣም ዝቅ አለ!»

ሙጂብ ቀለሃዋን አውጥቶ ዳሰሳት። በቆላ ከተተኮሰች በኋላ የምታቃጥል ነገር፣ አሁን ለብ ያለች ብቻ ናት። ትከሻውም አልተሰማውም፤ ምንሽሩ እንደ ሕፃን ነው የገፋው። ሁለተኛዋን ጥይት ሲያነሣት ነሐሱ ከቅዝቃዜው የተነሣ ጣቱን ያዘው። ቆላ ላይ ለግንቦት ሙቀት ብሎ የቀነሰው ባሩድ እዚህ ውርጭ ውስጥ ለግሟል። ይህን ለመረዳት ጊዜ አልፈጀበትም። የፈጀበት፣ ስንት ያህል ለገመ የሚለው ነው። የአየሩ መሳሳት ወደ ላይ ይስባል፤ የባሩዱ መቀዝቀዝ ወደ ታች ይጥላል። ቀዝቅዞ ሲተኮስ የት እንደሚያርፍ ዓይኑ አይቶት አያውቅም። በሕይወቱ ምንሽር ተኩሶ የማያውቅበት ብርድ ነው።

«ከፍ አድርገህ ድገም እንጂ፣ አያ ሙጂብ! እያየችን እኮ ነው።»

ከፍ አደረገ። ከጆሮዋ በላይ፣ የመጀመሪያዋ ዝቅ ያለችውን ያህል ክፍተት ሰጠና ተኮሰ።

ይኼኛዋ አገኘቻት። ያገኘቻት ግን ከጭንቅላቷ ከፍ ያለውን ታፋዋን ነበር።

ሙጂብ ብዙ በቅሎ አሳድጓል፤ በቅሎ እንዲያ ስትጮኽ ሰምቶ አያውቅም። አዳም መነጽሩን ከዓይኑ አንሥቶ ፊቱን ወደ ኋላ አዞረ። ከሰፈር በኩል በሮች ሲዘጉ ይሰማ ነበር።

«ድገም» አለ አዳም፣ ሳይዞር።

«አልደግምም።»

«ምን ማለት ነው አልደግምም?»

«የት እንደምታርፍ አላውቅማ! የመጀመሪያዋን ከጎተራ እንደወጣች ነው የከተትኳት። ሁለተኛዋን ስናወራ እጄ ላይ ይዣት ነበር፤ ሞቃለች። ምን ያህል ሞቀች? እኔ እንጃ። ሁለቱ አንድ ቋንቋ አይናገሩም። ሦስተኛዋ ሆዷን ብትመታት ምን ትለኛለህ?»

አዳም ወደ ቤቱ ዞሮ፣ «እንግዲያ እናሙቃቸው» አለ። «ቤት እሳት አለ።»

«ባሩድ እሳት ዳር? ቤትህንስ አትወደውም?»

«ታዲያ ምን ይሁን?»

«ፀሐይ ትምጣ።»

ፀሐይዋ መጣች፤ የመጣችው ግን ማዶ ነው። ጨረሯ በቅሎዋ ያለችበትን ዓለት ከላይ ወደ ታች እየቀባ ወርዶ እርከኗ ላይ ደረሰ። እነሱ ያሉበት የገደሉ አፍ ከኋላው ባለው ተራራ ጥላ ውስጥ ነበርና ሣሩ እንደነጣ ቆየ። በቅሎዋ ስትሞቅ ያያሉ፤ ጥይቶቹ አይሞቁም። ሙጂብ የቀሩትን ሁለት ጥይቶች ከሸሚዙ ሥር አስገብቶ በብብቱ ያዛቸው። ብርዱ እስከ አጥንቱ ዘለቀው።

«ብብት እንደ ቆቦ ፀሐይ ይሞቃል?» አለ አዳም።

«እሱን አላህ ነው የሚያውቀው። ይሞቃል እንጂ አይፈላም።»

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«አብሽር፣ ዝም ብለህ ተቀመጥ።»

ጎን ለጎን ተቀመጡ። የመጀመሪያው አሞራ ከላይ ዞረና ሌሎች ተከተሉት። ለጥቂት ጊዜ ሩቅ ዓለት ላይ ተኮልኩለው እሷን ሳይሆን ሌላ ነገር የሚያዩ መሰሉ። ከዚያ አንዱ ወረደ። ክንፉን እንደሰበሰበ ሁለት ሦስት ጊዜ ዘለል ዘለል እያለ ወደ ቆሰለው ታፋዋ ተጠጋ። በቅሎዋ ጭንቅላቷን አወናጨፈች። ሸሸ። ተመለሰ።

አዳም መነጽሩን ወደ ሙጂብ ዘረጋ። «አንተ ያዘው። እኔ አላይም። የምታየውንም አትንገረኝ።»

ሙጂብ ተቀብሎ አየ፤ ከዚያ እሱም አስቀመጠው። ይበቃል ወይስ አይበቃም ብሎ የሚለካበት ነገር አልነበረውም። አንዷን ጥይት ከብብቱ አውጥቶ ጉንጩ ላይ አደረጋት። ሞቃለች። ነገር ግን የምንሽሩ ብረት ውርጭ ላይ የዋለ ነው፤ ውስጡ ገብታ ስትቆይ ትቀዘቅዛለች። ስለዚህ ትንሽ ትለግማለች ብሎ አሰበ። በቆላው ልክና በሁለተኛው ተኩስ ልክ መካከል ላይ አነጣጠረ። ሌላ ሰው በእሱ ቦታ ቢሆን ከዚህ የተሻለ ሊያስብ አይችልም ነበር። ፈጠን ብሎ ከተተ፣ ፈጠን ብሎ ተኮሰ።

ጥይቷ ከበቅሎዋ ራስ በላይ አልፋ ዓለቱን መታች። ጠጠር ዘነበ። አሞራዎቹ ተንጫጭተው ተነሡ።

«በዛባት» አለ ሙጂብ። «አልለገመችም። ጭራሽ አልለገመችም።»

«አሞራውን አባረርክልን» አለ አዳም። «ይኼም ነገር ነው።»

ሙጂብ ስድብም ቢሆን ይገባኛል ብሎ ዋጠው። አሁን ግን እርግጠኛ ሆኗል። በብብት የሞቀች ጥይት ቆላ እንደዋለች ጥይት ናት፤ የአየሩ መሳሳት ደግሞ ትንሽ ይጨምርላታል። መጀመሪያ አዳም እንዳለው፣ ከቆቦው ልክ ጥቂት ዝቅ ማድረግ ነው። ልኩን አገኘው። አንድ ጥይት ቀርቶታል፤ አንድ ደግሞ ይበቃል። ብብቱ ውስጥ አጥብቆ ያዛት።

«አሁን አውቄዋለሁ» አለ። «ወላሂ አውቄዋለሁ። ትንሽ ትሙቅልኝ።»

ጉሙ የተነሣው ያኔ ነው። መጀመሪያ ከገደሉ ሥር ያለውን ወንዝ ሸፈነ፤ ቀጥሎ ቁጥቋጦውን፤ ከዚያ በዓለቱ ላይ እየዳኸ ወጣ። ሙጂብ ነገሩ ገብቶት ጥይቷን አጉርሶ ሲተኛ እርከኗ ገና ትታይ ነበር። ሲያነጣጥር ጆሮዎቿ ይታዩ ነበር። ትንፋሹን ሲይዝ ነጭ ብቻ ሆነ።

ጥይቷን አወጣትና መልሶ ብብቱ ውስጥ ከተታት።

«ይገለጣል» አለ አዳም። «አንዳንዴ ቶሎ ይገለጣል።»

«አንዳንዴስ?»

«አንዳንዴ እስከ ማታ።»

ተቀመጡ። የክንፍ ድምፅ ጉሙ ውስጥ ይሰማል፤ የወረደ ይሁን የሄደ አይታወቅም። አዳም ከዚያ በላይ መቻል አቃተው። ተነሥቶ ከገደሉ ጫፍ ቆመና እጆቹን አፉ ላይ አድርጎ፣ «ዳማ!» ብሎ ጮኸ። «ዳማዬ! አለሁ! እዚሁ ነኝ!»

ከማዶ ኮቴ ድንጋይ ላይ ሲፋቅ ተሰማ።

የአዳም ፊት በራ። «ሰማችኝ! ሰማኸኝ አይደል፣ መለሰችልኝ!» እንደገና ጠራ። ኮቴው እንደገና ፋቀ፤ አሁን ረዘም ላለ ጊዜ፤ መጨረሻው ላይ ከባድ ነገር ወደቀ።

ሙጂብ ጋቢውን ይዞ ጎተተው። «አትጥራት።»

«ምን?»

«አትጥራት፣ አዳም። እየመለሰችልህ አይደለም። ልትመጣ እየተነሣች ነው።»

አዳም ቀስ ብሎ ተቀመጠና ጋቢውን በጥርሱ ነከሰ። ከዚህ በኋላ ሲነጋገሩ በሹክሹክታ ሆነ፤ ጥቂት ቆይተው እሱንም ተዉት። ሙጂብ በቆላው ቤቱ የነበረችበትን ጊዜ ሊያወራለት አስቦ ነበር፤ ግን ድምፁን ታውቀዋለች። እሱም ጠርቷት ያውቃል፤ ከአዳም በፊት።

ረፋዱ አልፎ ጉሙ በአንድ በኩል ተቀደደ። ከላይ የዓለቱ ግንባር፣ ቀጥሎም የእርከኗ ጠርዝ ወጣ። ሙጂብ ጥይቷን አጉርሶ ተኛ። ቡናማው ነገር ብቅ አለ፤ ጆሮ መሆኑን ዓይኑ ለየ፤ ከሥሩ ጥቂት ዝቅ አደረገ። እጁ ከብርዱ የተነሣ እየተንቀጠቀጠ መሆኑን ያወቀው ቃታውን ሲስብ ነው። ተኩሱ ጮኸ። ጉሙ መልሶ ገጠመ።

ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም።

«አገኘሃት?» አለ አዳም በሹክሹክታ።

«አላየሁም።»

«ስትወድቅስ?»

«የወደቀች ናት እኮ።»

አዳም መነጽሩን አንሥቶ ነጩን ጉም ሲያይ ቆየ። ልክ የተኮስኩ ይመስለኛል ብሎ ሙጂብ በልቡ አሰበ፤ ባሩዱ ሞቋል፣ ልኩን ያውቀዋል። እጄ ባይንቀጠቀጥ ደግሞ እርግጠኛ እሆን ነበር። ኮቴ አይሰማም። አሞራም አይሰማም። ዝምታው የሞት ይሁን የመድከም የሚለዩበት አንድ መንገድ ብቻ ነበራቸው፤ ሁለቱም ያውቁታል።

«ጥራት» አለ አዳም።

«አንተ ጥራት። በቅሎዋ ያንተ ናት።»

«ስሙን ያወጣህላት አንተ ነህ።»

«ካልሞተች?»

 ሁለቱም አፋቸውን ዘግተው ጆሮአቸውን ብቻ ወደ ገደሉ ሰጥተው ተቀመጡ። እንዲህ እንዳሉ ከኋላቸው ሣሩ ሲንኮሻኮሽ ተሰማና ውባንቺ በጨርቅ የተጠቀለለ ምግብ ይዛ መጣች። ነጠላዋ በጉሙ ርሷል።

«አራተኛውን ሰምቼ ነው የመጣሁት» አለች። ፊታቸውን አየች። «ተገላገለች?»

አዳም አንገቱን ደፋ። 

«ኧረ ተናገሩ! ሁለት ወንድ ከጧት ጀምራችሁ አንዲት በቅሎ መግደል አቃታችሁ?» እንባዋ ቀደማት። «አያ ሙጂብ፣ እርስዎ እንኳ ይንገሩኝ እንጂ!»

ሙጂብ እንድትተው በእጁ ምልክት ሊያሳያት ተነሣ። እሷ ግን አልፋው ገደሉ አፍ ላይ ደርሳ ነበር። ጧት ጧት ገብስ ስታበላት እንደምትጠራት፣ ለስለስ አድርጋ፣ «ዳሚቱ!» አለች።

አዳም ጆሮውን በሁለት እጁ ደፈነ።

ጉሙ ውስጥ ለረዥም ጊዜ ምንም አልተሰማም። ሙጂብ ትንፋሹን ሊለቅ ሲል ኮቴ ድንጋይ ፋቀ። አንዴ፤ ቆየት ብሎ ደግሞ።

ሙጂብ ተመልሶ ቁጢጥ አለ። ባዶ መሆኑን እያወቀ ምንሽሩን ከፍቶ ውስጡን አየ።